ዝግ ያለ ድምፅና ትጉህ ጆሮ፦ የኒክ ድሬክ ዘፈኖች እንደገና ሲደመጡ

በኪነ ጥበብ ምዘና የተሰማራን ሰዎች ከምንፈጽማቸው ስሕተቶች ሁሉ ለመታረም የሚያስቸግረው፣ በቅጡ ያልሰማነውን ነገር ሰምተናል ብለን የምንሰጠው ፍርድ ነው። ሳይነበብ የቀረ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ወርዶ ሊነበብ ይችላል፤ ሳይታይ የቀረ ሥዕልም ግድግዳው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ዘፈን ግን በአየር ላይ የሚያልፍ ነገር በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ በዋዛ ሰምተነው «ዐውቀዋለሁ» ካልን ወደ እሱ የምንመለስበት ምክንያት አይኖረንም። በዚህ ዓይነቱ ፍርድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያዜም አርቲስት ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን አባላት ሲመለምል ከመዛኞቹ መካከል ነበርኩ። ክራር ይዞ የቀረበ አንድ ወጣት አንገቱን አቀርቅሮ፣ ከራሱ ጋር የሚነጋገር በሚመስል ድምፅ ሁለት ዘፈኖች አሰማን። ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች በተከፈተው በር ሥር ያወሩ ስለ ነበር ግማሹ አልተሰማኝም። በመመዘኛው ወረቀት ላይ «ድምፁ አይወጣም፤ ለመድረክ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ። ወጣቱ አመስግኖን ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሲዘፍን አላየሁትም። ያን ዕለት የድምፁን መውጣትና አለመውጣት እንጂ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ፣ ጣቶቹም ምን እንደሚሠሩ አልጠየቅሁም።

ይህን ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን እንዳነሣ ያስገደደኝ ኒክ ድሬክ የተባለ እንግሊዛዊ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ነው። የእሱንም ሥራ መጀመሪያ የሰማሁት እንግዶች በሚጨዋወቱበት ቤት ስለ ነበር፣ «ለእንቅልፍ ይስማማል» ብዬ ተሳልቄበታለሁ። ሁለተኛ ጊዜ የሰማሁት ግን መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ በባትሪ በሚሠራ ማጫወቻ ነበር። በዚያ ሌሊት የሰማሁት ሌላ ሰው መሰለኝ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ ማድመጦች መካከል የተለወጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ከሥራዎቹ በመነሣት ማስረዳት ነው።

የሕይወቱ ታሪክና በዘፈኑ ላይ የጣለው ጥላ

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ድሬክ የተወለደው ጁን 19 ቀን 1948፣ አባቱ በመሐንዲስነት ይሠራ በነበረበት በራንጉን፣ በያኔዋ የበርማ ዋና ከተማ ነው። ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ አገር ሲመለስ በዎሪክሸር ግዛት ታንዎርዝ ኢን አርደን በተባለች መንደር ተቀመጠ። እናቱ ሞሊ ድሬክ በፒያኖ የምትጫወታቸውን ዘፈኖች ራሷ ትደርስ ነበር። ባሏ በቤት ውስጥ በቴፕ የቀረጻቸው እነዚህ ዘፈኖች ለሕዝብ ጆሮ የደረሱት እሷ ከሞተች ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ልጁ ዝግ ያለ አዘማመር ለመስማት ከቤት መውጣት አላስፈለገውም ማለት ነው።

በ1967 የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለመማር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1969 ትምህርቱን ሳይጨርስ ለሙዚቃው ሲል አቋርጦ ወጣ። ጆ ቦይድ የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ አዘጋጅ ችሎታውን ተገንዝቦ ስላስፈረመው፣ በአይላንድ የሸክላ ኩባንያ በኩል ሦስት ሸክላዎች ወጡለት። የመጀመሪያው በ1969 የወጣው «ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት» ሲሆን፣ ትርጉሙ «አምስት ቅጠል ቀርቷል» ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው ከሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ጥራዝ ውስጥ ለገዢው ከሚቀመጥ ማሳሰቢያ ነው። ሁለተኛው «ብራይተር ሌይተር» በ1971፣ ሦስተኛው «ፒንክ ሙን»፣ ማለትም «ሮዝ ጨረቃ»፣ በ1972 ተከተሉ። በሦስቱ ሸክላዎች ላይ በጠቅላላው 31 ሥራዎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሸክላ በወጣበት ጊዜ የተሸጠው ከ5,000 ቅጂ በታች እንደ ነበር ይነገራል። ድሬክ በመንፈስ ጭንቀት ሕመም ተይዞ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ እዚያም ኖቬምበር 25 ቀን 1974 በ26 ዓመቱ ሞተ።

ከሞተ በኋላ የሆነው በሕይወት ሳለ ከሆነው ይበልጣል። በ1979 ሥራዎቹ ባንድ ላይ ተሰብስበው ወጡ። በ1999 ቮልክስዋገን የተባለው የመኪና ኩባንያ «ፒንክ ሙን» የተባለውን ዘፈን ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲጠቀምበት፣ በሕይወቱ ዘመን ያላገኘውን ገበያ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገኘ። ከታላላቅ ኩባንያዎች ቁጥጥር ውጪ በአነስተኛ አሳታሚዎች አማካይነት የሚሠራውና «ኢንዲ ፎክ» የሚል ስም የተሰጠው የዝግታ ሙዚቃ ሲስፋፋ፣ ድሬክ ከአባቶቹ አንዱ ተደርጎ ተቆጠረ። በ2002 የመጀመሪያ ሥራውን በቤቱ ውስጥ ቀርጾ ያወጣው አሜሪካዊው ሳም ቢምም ሆነ ስዊድናዊው ሆሴ ጎንዛሌዝ ብዙ ጊዜ ስማቸው ከእሱ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ይሁን እንጂ ዝናው የመጣው ከነጥላው ነው። ዛሬ ወደ ድሬክ የሚቀርብ አድማጭ ከዘፈኑ በፊት የሞቱን ዜና ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ በየዘፈኑ የሚፈልገው ሞቱን ነው። ቀድሞ ችላ በማለት ያልሰማነውን ሰው፣ አሁን ደግሞ በማዘን ብዛት አንሰማውም። ሁለቱም ያው አለማድመጥ ነው።

እንባ ያለው ሁሉ ሙሾ አያወርድም

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ለሐዘን ቤት እውነት ነው። ስለ ድሬክ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ሙዚቃ የሚያዛውር ነው፦ ልጁ ያዝን ነበር፤ ስለዚህ ዘፈኑ ያሳዝናል፤ ሐዘኑ እውነተኛ ስለ ነበር ዘፈኑም እውነተኛ ሆነ ይባላል። ነገር ግን በሐዘን ቤት የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንባ ያለው ሁሉ ሙሾ አያወርድም። ሙሾ አውራጇ የምትከበረው ከሟች ቤተሰብ ይበልጥ ስላዘነች አይደለም። ቃል መርጣ፣ ዜማ አስተካክላ፣ የቱ ላይ ዝም እንደምትልም ዐውቃ ለሌላው እንባ መልክ ስለምትሰጠው ነው። የድሬክም ጥያቄ ምን ያህል አዘነ ሳይሆን ምን ሠራ የሚል መሆን አለበት።

ሠሪ መሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። የመጀመሪያው ሸክላ ሲዘጋጅ ቦይድ የአውታር መሣሪያዎችን አጃቢነት እንዲያቀናብር ሪቻርድ ሂውሰን የተባለ ባለሙያ አመጣ። ገና የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ድሬክ የተሠራውን ሰምቶ ለዘፈኖቹ እንደማይስማማ ተናገረ፤ በምትኩ የካምብሪጅ ተማሪ የሆነ ሮበርት ከርቢ የተባለ ጓደኛው እንዲሠራው ጠየቀ። ከርቢ በሙያው ስም አልነበረውም። ውጤቱ ግን ዛሬም የሚደነቅ ነው። በንግግሩ ዐይን አፋር የነበረ ሰው በዘፈኑ ጉዳይ ላይ እንዲህ ቁርጥ ያለ አቋም ይይዝ ነበር። በ2025 ስለዚሁ ሸክላ አሠራር የወጣው ስብስብም የዘፈኖቹን ቀደምት ረቂቆች ስለሚያሰማ ያንኑ ይመሰክራል። የተሠራ፣ የተለወጠ፣ የተጣለ፣ እንደገና የተነሣ ነገር እንጂ በአንድ ሌሊት ከአንጀት የፈሰሰ እንባ አናገኝበትም።

ጣቶቹና ቅኝቱ

ድሬክን ለማድመጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ትቶ ጊታሩን ብቻ ቢሰማ ይጠቀማል። በተለመደው ቅኝት የጊታር ስድስት አውታሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ድሬክ ግን ብዙዎቹን ዘፈኖቹን የሚጫወተው አውታሮቹን እያላላ ወይም እያጠበቀ ሌላ ቅኝት ፈጥሮ ነው። ለምሳሌ «ፒንክ ሙን» የተመሠረተው ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ዶ፣ ሚ በሚል ቅኝት ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ወፍራሙ አውታር ላልቶ ድምፁ ይጠልቃል፤ በጣት ሳይያዙ የሚመቱት አውታሮችም ከዜማው ሥር ሆነው ያለማቋረጥ ያስተጋባሉ። አድማጩ አንድ ጊታር ሳይሆን ሁለት የሰማ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክራር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር አውታሮቹን መልሶ እንደሚቃኝ፣ ቅኝት ሲለወጥም ስሜቱ አብሮ እንደሚለወጥ እናውቃለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በእኛ ዘንድ ቅኝት ስም ያለው የሕዝብ ሀብት ነው፤ «ትዝታ» ሲባል አድማጩ ወደ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል። በእንግሊዝ ፎክ ተጫዋቾች ዘንድ የጊታርን ቅኝት መለወጥ በ1960ዎቹ፣ በተለይ በዴቪ ግርሃም አርአያነት፣ እየተለመደ የመጣ ነገር ነበር። ድሬክ ከዚህ ልማድ ተነሥቶ ለየዘፈኑ የሚስማማውን ይፈልግ ስለ ነበር፣ አድማጩ አስቀድሞ የሚያውቀው መንገድ የለውም። ስለዚህም በመጀመሪያው ማድመጥ ሁሉም ዘፈኖች አንድ ዓይነት ሊመስሉት ይችላሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ ግን እያንዳንዱ ዘፈን የተለየ ቤት መሆኑን፣ በሩም በተለየ በኩል መሆኑን ይረዳል።

ሌላው የሚስተዋለው የቀኝ እጁ ሥራ ነው። አውራ ጣቱ ዝቅተኞቹን አውታሮች በእኩል ልክ ሲመታ፣ የቀሩት ጣቶች በላይኞቹ አውታሮች ላይ ሌላ ዜማ ይሸምናሉ። እኩልነቱ ልክ እንደ ጥሩ ፈታይ ክር ነው፤ አይወፍርም፣ አይቀጥንም፣ አይበጠስም። «ለስላሳ» የምንለው ሙዚቃ መሠረቱ ይህ ጽናት ነው። ጣቱ ቢደናቀፍ ለስላሳው ድምፅ የሚደበቅበት ከበሮ ወይም የነፋስ መሣሪያ የለውም። በከፍተኛ ድምፅ የሚጫወት ሰው ስሕተቱን በጩኸት ሊሸፍን ይችላል፤ በዝግታ የሚጫወት ግን ራሱን ያጋለጠ ነው።

ይኸው ጥበብ በመድረክ ላይ ጎድቶታል። ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሻገር ጊታሩን መልሶ መቃኘት ነበረበት፤ እስኪጨርስም ለታዳሚው አንዲት ቃል አይናገርም። ታዳሚው ያወራል፤ ብርጭቆ ይንኳኳል። የእኛ አዝማሪ ቢሆን መሣሪያውን እያቃና ቤቱን በጨዋታ ይይዘው ነበር። ድሬክ ይህ ችሎታ አልነበረውም፤ ከ1970 በኋላም ወደ መድረክ መውጣቱን ተወ። ይህን እንደ ጉድለት ልንቆጥርበት ይገባል። ነገር ግን የመድረክ ችሎታና የሙዚቃ ችሎታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያስታውሰንም ይኸው ጉድለት ነው።

ድምፁና ምቱ

«ሪቨር ማን»፣ ማለትም «የወንዙ ሰው» የተባለው ዘፈን የድሬክን ሥራ ለመመርመር ከሁሉ ይመቻል። ቅኝቱ የተለመደው ነው፤ እንግዳው ነገር ምቱ ነው። ጊታሩ አምስት አምስት እየቆጠረ ይዞራል። በአራት ምት የለመደ ጆሮ አንድ ነገር የቀረለት ወይም የተጨመረበት ይመስለዋል፤ ሆኖም የት ላይ እንደ ሆነ ለይቶ ማመልከት አይችልም። ድምፁ ደግሞ ከጊታሩ ጋር እኩል አይነሣም። የመጀመሪያውን ምት አሳልፎ ይገባል፤ የሐረጉን መጨረሻ ስቦ ወደሚቀጥለው ዙር ያሻግራል። በእግር ወንዝ የሚሻገር ሰው ውሃው ወዲያ ሲሄድ እሱ ወዲህ እንደሚራመድ፣ እጁና ድምፁ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ አይጋጩም። ይህን በአንድ ሰው አካል ውስጥ ማስማማት ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢዘፍን ኖሮ ይህ ረቂቅ መዘግየት ባልተሰማም ነበር። እንግዲህ ዝግታው የጉልበት ማነስ ውጤት ሳይሆን ለሥራው ያስፈለገ ምርጫ ነው።

የዘፈኑ ታሪክ ቀላል ነው። ቤቲ የተባለች ሴት መጥታ የልቧን ትናገራለች፤ ዘፋኙም ወደ ወንዙ ሰው ሄዶ የሚችለውን ሊነግረው ያስባል። የወንዙ ሰው ማን እንደ ሆነ አይነገረንም። ከርቢ ለዚህ ዘፈን የሚስማማ አጃቢ ለመጻፍ ስላልደፈረ ሥራው ለሃሪ ሮቢንሰን ተሰጠ። ድሬክና የአውታር መሣሪያ ተጫዋቾቹም ባንድ ላይ ተቀምጠው ተቀረጹ። ቫዮሊኖቹ ድምፁ ሲያርፍ ይነሣሉ፤ ድምፁ ሲነሣ ወደ ኋላ ይላሉ። ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል፦ የኅብረ ድምፁ ዙር የሚጀምረው ማይነር በሚባለው ሐዘንተኛ ጠባይ ሲሆን፣ የሚዘጋው ሜጀር በሚባለው ብሩህ ጠባይ ነው። በዚህ ዘፈን ሐዘን ብቻ የሰማ ሰው ግማሹን ሰምቷል ማለት ይቻላል።

በዚያው ሸክላ ላይ «ዌይ ቱ ብሉ» በተባለው ዘፈን ጊታር ጭራሽ የለም፤ ድምፁ ከከርቢ የአውታር ቅንብር ጋር ብቻውን ይቆማል። ጊታሩን መደገፊያው ነው ብለን የጠረጠርን እንደ ሆነ፣ እዚህ ላይ ምርኩዙን ጥሎ ሲራመድ እናየዋለን።

የአጃቢው ብዛትና የአጃቢው ማነስ

ሁለተኛው ሸክላ «ብራይተር ሌይተር» ከበሮ፣ ሳክስፎንና ዋሽንት የገባበት፣ ከተማ ከተማ የሚሸት ሥራ ነው። እዚህ ላይ ሂሳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ድምፅ የሌለባቸው ሦስቱ ሥራዎች ያማሩ ቢሆኑም የሬዲዮ ሰዓት መሙያ ይመስላሉ፤ ዋሽንቱ የሚናገረው ዘፋኙ ቢናገረው ይሻል የነበረ ነገር ነው። በአንጻሩ «ኖርዘርን ስካይ»፣ ማለት «የሰሜን ሰማይ» በተባለው ዘፈን ዌልሳዊው ጆን ኬል ያስገባቸው ፒያኖ፣ ኦርጋንና ቼሌስታ የዘፈኑን ደስታ ሳያንቁት ከፍ ያደርጉታል። አዎን፣ የድሬክ ዘፈን ደስታም አለበት።

ቀልድም አለበት። «ፑር ቦይ»፣ ማለትም «ምስኪኑ ልጅ» በተባለው ዘፈን ወንዱ ስለ ብቸኝነቱ ሲያማርር፣ ዶሪስ ትሮይና ፒ ፒ አርኖልድ የተባሉት ድምፃውያት በተቀባይነት እየገቡ ለራሱ አብዝቶ የሚያዝን ሰው ነው ብለው ያፌዙበታል። ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስ ማክግሬገር በፒያኖ እያጀበ ፌዙን ያደምቀዋል። ስለ ራሱ ሐዘን ይህን ያህል የሚያሾፍ ሰው በሐዘኑ ውስጥ ሰጥሞ የቀረ ነው ማለት አይቻልም። ቢያንስ ይህን በዘፈነበት ሰዓት ከዳር ቆሞ ራሱን መመልከት ችሏል። የሕይወት ታሪኩን ብቻ ይዞ የሚያደምጥ ሰው ይህን ሳቅ ሳይሰማው ያልፋል።

ከዚያ ሁሉ ድምቀት በኋላ ድሬክ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። በኦክቶበር 1971፣ በለንደን ቸልሲ በሚገኝ ስቱዲዮ፣ ጆን ውድ ከተባለው የቀረጻ ባለሙያ ጋር ብቻቸውን ሆነው በሁለት ሌሊት «ፒንክ ሙን»ን ቀረጹ። 11 ሥራዎች፣ ወደ 28 ደቂቃ የሚፈጁ ናቸው። ከጊታርና ከድምፅ ሌላ በጠቅላላው ሸክላ ላይ የገባው በርዕሰ ዘፈኑ መካከል የሚሰሙት ጥቂት የፒያኖ ድምፆች ብቻ ናቸው። እነዚያ ድምፆች ጨለማ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ እንደ ተጫረ ክብሪት ናቸው፤ አብርተው ይጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ጨለማው የበለጠ ይታያል። ደግሞ ቢያስገባቸው ኖሮ ጌጥ ይሆኑ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ማስገባቱ ሚዛን ማወቁን ያሳያል።

በዚሁ ሸክላ «ኖው»፣ ማለት «ዕወቂ» ወይም «ዕወቅ» በተባለው ዘፈን ላይ ጊታሩ አንዲት አጭር የአራት ድምፅ ሐረግ ይደጋግማል፤ ግጥሙም አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረው ማንጎራጎር ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገር የሰጠውን የሚቀጥለው ይነሣል። በሰዎች መካከል ስላለ ቅርበትና ርቀት ሌላው በአምስት ገጽ የሚጽፈውን በአራት መሥመር ጨርሶታል። የመጨረሻው ዘፈን «ፍሮም ዘ ሞርኒንግ» ደግሞ ስለ ንጋት የተዘፈነ ነው፤ ቤተሰቡም ለመቃብሩ ድንጋይ ጽሑፍ የመረጠው ከዚህ ዘፈን ነው። ሸክላውን «የጨለማ ሥራ» ብሎ መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ደራሲው ሊዘጋው የፈለገው በጧት ብርሃን ነው። የዘፈኖች ቅደም ተከተልም ሐሳብ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጉድለቶቹ

ያደነቅነውን ሥራ ያለ ነቀፋ ማለፍ ለሥራውም ክብር አይደለም። የድሬክ ዓለም ጠባብ ነው። ጨረቃ፣ ዛፍ፣ ወንዝ፣ ባሕር፣ ዝናብና ሰማይ ከዘፈን ወደ ዘፈን ይመላለሳሉ፤ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ገበያ የሚወጣ፣ እርሻ የሚያርስ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላ ሰው በ31ዱ ሥራዎች ውስጥ ማግኘት ያዳግታል። በመጀመሪያው ሸክላ ላይ አንዳንዱ ግጥም ከእንግሊዝ ሮማንቲክ ገጣሚዎች፣ በተለይም ከዊልያም ብሌክ፣ በቅርቡ የተመለሰ ተማሪ ደብተር ይመስላል። ፍሬና ዝና ከሞት በኋላ ብቻ ስለሚመጡበት ሁኔታ የሚናገረው «ፍሩት ትሪ» እንኳን፣ የኋላው ታሪክ ትንቢት ስላደረገው እንጂ እንደ ግጥም ከሌሎቹ የላቀ አይደለም።

ይሁንና ይህ ጥበት እየዋለ ሲያድር ወደ ጥራት ተለውጧል። ከመጀመሪያው ሸክላ ወደ ሦስተኛው ስንሄድ ቃላቱ ያንሳሉ፤ ምሳሌው ይቀላል፤ ያልተነገረው ይበዛል። አርቲስቱ ያደገው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። በ26 ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ወዴት ይሄድ ነበር ብሎ መጠየቅ የሐያሲ ሥራ አይደለም፤ ከነበረበት እስከ ደረሰበት ያለው መንገድ ግን በእጃችን ነው፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው።

የአድማጩ ድርሻ

ዝግ ያለ ሙዚቃን ማድመጥ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በዐቢይ ጾም ወቅት በገና የሚሰማ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል። አሥሩ አውታሮች ከእንዚራው ጋር እየተነካኩ የሚሰጡት ያ የሚነዝር ድምፅ ከሩቅ አይጣራም፤ ሰውን ወደ ራሱ ያቀርባል። በገና ሲደረደር «ድምፁን ከፍ አድርገው» የሚል ሰው የለም። በሩ ይዘጋል፤ ልጆች ዝም ይላሉ። እንግዲህ የጎደለን ጆሮ አይደለም። የጎደለን፣ ለበገና ያለ ክርክር የምንሰጠውን ጸጥታ ለማናውቀው እንግዳ፣ ወይም ገና ስም ላላወጣ የራሳችን ልጅ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆን ነው።

ስለዚህ በተለይ ለሙዚቃ መምህራንና ቡድን ለሚመለምሉ ባልደረቦቼ አንድ ቀላል ልምምድ አቀርባለሁ። ከድሬክ ሥራዎች «ሪቨር ማን»ን መርጠው፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሦስት ጊዜ ይስሙት። በመጀመሪያው አውራ ጣቱን ብቻ ይከተሉ፤ አምስቱን ምት በጣታቸው እየቆጠሩ ይቁጠሩ። በሁለተኛው ድምፁ የት እንደሚገባና የት እንደሚያርፍ ያስተውሉ። በሦስተኛው ምንም ሳይቆጥሩ ይስሙ። ቋንቋውን ያልተማረ ተማሪ እንኳን በሦስተኛው ጊዜ፣ በመጀመሪያው «ያንቀላፋል» ያለው ዘፈን ምን ያህል የነቃ ሥራ እንደ ሆነ ይናገራል ብዬ አምናለሁ። ይህ ልምምድ የሚያስተምረው ስለ ድሬክ ብቻ አይደለም። በምዘና ወረቀታችን ላይ «የድምፅ ጉልበት» የሚል ሣጥን እንዳለ ሁሉ «የእጅ ጽናት»፣ «የምት ብልኅነት» እና «የዝምታ አጠቃቀም» የሚሉ ሣጥኖች የሌሉት ለምን እንደ ሆነ እንድንጠይቅም ያደርገናል።

ለድሬክ ጉልህ ድምፅ አልነበረውም፤ ነገር ግን ሥራው በሸክላ ላይ ተቀርጾ ስለ ቀረ፣ የዘገየው አድማጭ ከ25 ዓመት በኋላም ቢሆን ደረሰለት። ሸክላው ይቅርታችንን መቀበል ይችላል። ያ ክራር የያዘ ወጣት ግን የተቀረጸ ነገር የለውም። የዘፈናቸውን ሁለት ዘፈኖች መልሼ ልሰማ ብፈልግ የማገኝበት ቦታ የለም፤ ከእነሱ የቀረልኝ የአንገቱ ማቀርቀርና በበሩ በኩል የሚመጣው ወሬ ብቻ ነው። ምናልባት ችሎታው መካከለኛ ነበር፤ ምናልባትም የላቀ ነበር። ሳልሰማው ስለ ፈረድኩ ዛሬ ይህን እንኳን መናገር አልችልም።

በዚያ ወረቀት ላይ ልጽፈው ይገባኝ የነበረውን አሁን ዐውቃለሁ፦ «በሩ ይዘጋ፤ እንደገና ይዝፈን።»